«ናዳ» እና የእምቢታ ዋጋ

ገዥዎች ሕግን ሲያፈርሱ ተበዳዩም በሽብር ሊመልስ መብት አለውን? ይህን ጥያቄ ፈረንሳዊው ክሎድ ሻብሮል እ.ኤ.አ. በ1974 «ናዳ» በተሰኘው ፊልሙ አንሥቶታል። ፊልሙ የተሠራው ዣን-ፓትሪክ ማንሼት በ1972 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው፤ የኮስታ-ጋቭራስን «ዜድ» ያህል ግን አልታወቀም። «ናዳ» በእስፓኝ ቋንቋ «ምንም» ማለት ሲሆን በእኛ ደግሞ ከገደል ተንዶ የሚጨፈልቅ ነው። ለታሪኩ ሁለቱም ፍቺዎች ይስማሙታል።

ናዳ የተባለው የጥቂት አናርኪስቶች ቡድን የአሜሪካን አምባሳደር ፓሪስ ውስጥ ከአንድ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ይጠልፋል። ኮሚሴር ጎኤሞንም ጠላፊዎቹ የተሸሸጉበትን የገጠር ቤት ከብቦ ይፈጃቸዋል። ፍጅቱ ማነጋገር ሲጀምር አለቆቹ ጥፋቱን በእርሱ ላይ ጥለው ከሥራ ያግዱታል።

እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ እንዲሉ፣ የነቀዘ መንግሥትና አሸባሪ እርስ በርሳቸው ይፈላለጋሉ። አሸባሪው ለጥይቱ ምክንያት ከመንግሥት ግፍ ያገኛል፤ መንግሥትም ለግፉ መሸፈኛ ከአሸባሪው ያገኛል። ከእልቂቱ ያመለጠው ዲያዝ ራሱ ይህን ወጥመድ የሚረዳው ጓዶቹ ካለቁ በኋላ ነው። ይህ ሲባል በደላቸው እኩል ነው ማለት አይደለም፤ ፍርድ ቤቱን፣ ፖሊሱንና ግምጃ ቤቱን የጨበጠ ወገን ተጠያቂነቱ ይከብዳል። የሟች ደም ግን የገዳዩን ዓላማ አይጠይቅም።

የፍልስፍና መምህሩ ትረፌ ሽብርን ስላልተቀበለ ከጠለፋው በፊት ከቡድኑ ይለያል። እምቢታው ማንንም አላዳነም። ሆኖም ዲያዝና ጎኤሞን እርሱ ቤት ውስጥ ተገዳድለው ሲወድቁ እውነቱን የሚያውቅ እርሱ ብቻ ይቀራል፤ ስልክ አንሥቶም ለጋዜጠኞች መናገር ይጀምራል። እምቢታው ዋጋ ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ደርግ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የፈጸመውን ጭፍጨፋ ለ«ነጭ ሽብር» የተሰጠ «ቀይ ሽብር» ብሎ መሰየሙን ለምናውቅ፣ ይህ የባዕድ ታሪክ አይደለም። በስደት ያለ ተማሪ ከጠመንጃው ስለራቀ ብቻ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም። የጠላትን ግፍ መቁጠር ለማንም አይከብድም፤ የወገን ጥይት የጣለውንም ሰው በስሙ ጠርቶ መመስከር ግን ወዳጅን ያስቀይማል፣ ከማኅበርም ያስገልላል። ሽብርን እምቢ ያለ ሰው ሊከፍለው የሚገባው ዕዳ ይህ ነው።