የሦስት ወር ምሥጢር

ልጄ፣ ትናንት ሰሚት ቤትሽ ቡና ስንጠጣ፣ ጎረቤቶችሽ እስኪወጡ ጠብቀሽ በጆሮዬ የነገርሽኝን ስሰማ ደስታዬን መቻል አቃተኝ። «እስከ አምስት ወር ለማንም አልናገርም» ስትይ ግን ፈራሁ። የሰው ዓይን መፍራትሽን አልነቅፍም፤ እኔም አዋላጅ ነርስ ሆኜ እንኳ ሁለቱንም እርግዝናዬን በነጠላ ሸፍኜ ነው የያዝኩት። ከጎረቤት ደብቂው። ከሐኪም ግን አይሆንም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

እርግዝና በሽታ ነው ማለቴ አይደለም። የእናትሽን ነገር አስቤ ነው። በ1982 አንቺን ስትይዝ ፊቷም እግሯም ሲያብጥ፣ ሰው ሁሉ «ተመችቷት ወፈረች» አለ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ራሴን አመመኝ፣ ዓይኔን ጋረደኝ ስትል ሰነበተችና አንድ ሌሊት አንቀጠቀጣት። አንዱ ክብሪት ጭሮ ሊያሸታት ይሮጣል፣ ሌላዋ «ለክፏት ነው» ትላለች። እኔ ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ከገርጂ ጭቃ በሸክም አውጥተን፣ መኪና ለምነን ሆስፒታል አደረስናት። የእርግዝና ደም ግፊት ነበር፤ ሐኪሞቹ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚሉት፣ ሲያንቀጠቅጥ ደግሞ ኤክላምፕሲያ።

አንቺ 36 ዓመትሽ ነው፣ የመጀመሪያሽ ነው፣ እናትሽም ታማበታለች። አንድ በአንድ ሲታዩ ቀላል ናቸው፤ ሲደመሩ ግን ሐኪም አስፕሪን ለማዘዝ የሚያስብባቸው ናቸው። ከበፊቱ ግፊት፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባት፣ መንታ ላረገዘች፣ ባለፈው እርግዝናዋ ለታመመችማ አንዱ ብቻ ይበቃል።

አስፕሪን ስልሽ ለራስ ምታት የሚዋጠውን ትልቁን አይደለም። አባትሽ ለልባቸው የሚወስዷት ትንሿ ናት፤ 75 ወይም 81 ሚሊግራም፣ አንዳንዱ ሐኪም እስከ 150 ያዛል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 የታተመ ጥናት ለግፊቱ የተጋለጡ 1,776 ሴቶችን ወስዶ፣ ለግማሾቹ ማታ ማታ 150 ሚሊግራም ሰጠ። ቀናቸው ሳይደርስ በግፊቱ ምክንያት የወለዱት አስፕሪን ከወሰዱት መካከል ከመቶ ሁለት አልሞሉም፤ ካልወሰዱት ግን ከአራት በላይ ነበሩ።

ታዲያ ለምን አሁን? የእንግዴ ልጁ ሥሩን የሚሰደው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ሥሩ በደንብ ካልያዘ ደም እንደልቡ አያልፍም፤ መዘዙ ግን የሚታየው ከአምስት ወር በኋላ ነው። ስለዚህ ኪኒኑ ከ12ኛው ሳምንት በኋላ፣ ቢቻል ከ16ኛው በፊት ይጀመራል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በአምስተኛው ወር ብትጀምሪው ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብሽ።

ደግሞ ከአባትሽ ጠርሙስ ቆንጥረሽ እንዳትውጪ! የጨጓራ ቁስል፣ የመድማት ችግር ወይም የአስፕሪን አለርጂ ካለ አይሰጥም፤ መጠኑንም ማቆሚያውንም የሚወስነው ሐኪም ነው። ኪኒኑን ዋጥኩ ብለሽም ግፊትሽን መለካትና ሽንትሽን ማስመርመር አትተዪ። 140 በ90 ከደረሰ፣ ወይም ራስሽን ክፉኛ ካመመሽ፣ ዓይንሽን ከጋረደሽ፣ ከጎድንሽ ሥር ከወጋሽ፣ ሳይነጋ ሂጂ። ለገንዘቡ ብለሽም አትዘግዪ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል በነጻ ነው።

አሥራ አንደኛ ሳምንትሽ ነው አይደል? ዓርብ ጠዋት መጥቼ እወስድሻለሁ። የእናትሽን ነገር ለሐኪሟ እኔ ራሴ እነግራታለሁ፤ አንቺማ ያን ሌሊት ገና መንገድ ላይ ነበርሽ።