በክረምት ጨለማ ተስፋን ስለ መጠበቅ

አንባቢ ወንድሜ ሆይ፤ ልብህ በክረምት ስለ ምን እንደሚጨልም መርምረህ ታውቃለህን? በጌጫ ሰኔ ሲገባ ደመናው በሸካ ደን ላይ ይወርዳል፤ ጉሙ ከደጅ አልፎ እስከ ምድጃ ይገባል፤ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ጎተራውም ይጎድላል። ያን ጊዜ የሰው ነፍስ ከቀኑ ጋር ትከብዳለች፤ «ፀሐይ ተለየችን» ትላለች።

ነገር ግን ፀሐይ አልተለየችም። በምድር ሰሜን ጫፍ፣ በኖርዌይ አገር በትሮምሶ ከተማ፣ በክረምት 7 ሳምንት ያህል ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። በእኛ ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዓመቱ ረጅም ቀን የሚውለው ሰኔ 14 ቀን ገደማ ነው፤ በነሐሴ ማለቂያም ፀሐይ በቀትር ከጌጫ ሰው ራስ በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። እንግዲህ እጅግ የጨለመብን ወራት ብርሃን እጅግ የቀረበበት ወራት ነው። በእርሱና በዓይናችን መካከል የቆመው መጋረጃ ብቻ ነው።

ምናልባት «ይህ ለጠገበ ሰው የሚበቃ ቃል ነው፤ ልጁን ለቀበረ ወይም ዕዳ ለያዘው ምን ይረባዋል?» ትል ይሆናል። መልካም ጠየቅህ። ኀዘንና ተስፋ መቁረጥ አንድ እንዳይደሉ እወቅ። ነቢዩ ያዕቁብ በዩሱፍ ምክንያት ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ አለቀሱ፤ ሆኖም ልጆቻቸው ተስፋ እንዳይቆርጡ ከለከሏቸው፤ ሄደውም ወንድማቸውን እንዲፈልጉ ላኳቸው። ማልቀሳቸው ተስፋቸውን አላጠፋውም፤ ተስፋቸውም ዕንባቸውን አላደረቀውም። ከዚህ የምንማረው፣ ተስፋ ማለት ያዘነ ሰው ተነሥቶ መፈለጉ መሆኑን ነው። ስለዚህ ያዘነውን «አታልቅስ» አትበለው፤ ይልቅስ ከእርሱ ጋር ተቀመጥ፤ ሊነሣ በወደደ ጊዜም አብረኸው ሂድ።

ደግሞ ከጌጫ ወደ ቴፒ ስትወርድ የምታየውን የቡና ዛፍ ተመልከት። እምቡጡ በበጋው ድርቅ ተኝቶ ይቆያል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነጭ አበባ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ፍሬው የሚያድገውና የሚሞላው በዚሁ በምናማርረው ዝናብ ነው። ዝናቡ በጊዜው ቢቀር ፍሬው ቀላልና ባዶ ይሆናል። በመስከረምና ከዚያ በኋላ የሚቀላው፣ በሐምሌ ጨለማ የሞላው ነው።

ነገር ግን በዚህ ወራት አንድ ፈተና አለ። በቡና አገር ችግር የጠናበት ሰው ገና ያልበሰለውን ፍሬ በዛፉ ላይ ሳለ በርካሽ ይሸጣል። የራበውም ልጅ ስላለው ሻጩን ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው አይገባውም። ገዢው ግን ራሱን ይመርምር፤ የወንድሙን ቡና ብቻ አልገዛም፤ የመስከረም ተስፋውንም ገዝቶበታል። ሸሪዓችን ፍሬ ብስለቱ ሳይታይ እንዳይሸጥ መከልከሉ ጥበብ አለበት፤ ድኻው በጨለማው ቀን የብርሃኑን ቀን አሳልፎ እንዳይሰጥ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ አንተ ባለ ጎተራ ሆይ፤ ለጎረቤትህ ስለ ሰብር ከመስበክህ በፊት ያለ ወለድ አበድረው፤ እስኪለቅምም ታገሠው። ጠጋቢ ለረሃብተኛ የሚናገረው ትዕግሥት እጅን ካልዘረጋ ስድብ ነው። አንተም የተቸገርህ ሆይ፤ በደጅህ ዘግተህ አትቀመጥ። ችግርህን ለታመነ ወንድምህ ንገር፤ የታመመን ጠይቅ፤ ከእንሰትህ ጥቂት ቢኖርህ ለባሰበት አካፍል። ራሱን ችግረኛ ብቻ አድርጎ ያይ የነበረ ሰው ለሌላው መጽናኛ በሆነ ጊዜ ልቡ ይታደሳልና።

ደመናውን መግፈፍ የሰው ሥልጣን አይደለም። በደመናው ሥር አንዱ ለአንዱ መብራት መሆን ግን ለሁላችን የተሰጠ ሥራ ነው። አላህ ልባችንን ከተስፋ መቁረጥ፣ እጃችንንም ከንፍገት ይጠብቅ። አሚን።