የሰው ወርቅ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አበው። ተረቱ የተነገረው ለውሰት ጌጥ ነው። የጎረቤቷን ድሪ አጥልቃ ሠርግ የሄደች ሴት ሌሊቱን ሙሉ ልቧ ከዘፈኑ ላይ አይደለም፤ ከድሪው ላይ ነው። እንዳይበጠስ፣ እንዳይጠፋ፣ ባለቤቲቱ ድንገት ከተፍ ብላ በሰው ፊት እንዳትጠይቃት ስትሳቀቅ ታነጋለች። እኔ ግን ዛሬ ተረቱን ከጌጥ ላይ አንሥቼ ወደ መጽሐፍ ልወስደው እፈልጋለሁ። ወርቁ ያለው በብራና ላይ ቢሆንስ? በብራናው ላይ የሰፈረው ደግሞ የእግዚአብሔር ቃል ቢሆንስ? እንዲህ ያለውን ነገር በስጦታ ያገኘ ሰው «ከየት መጣ?» ብሎ የመጠየቅ ግዴታ አለበትን? ወይስ የመጽሐፉ ቅድስና የመጣበትን መንገድ ያነጻዋል?

ስለ መስጠት ብዙ ተብሏል፤ ስለ መቀበል ግን እምብዛም አናስብም። ሰጪ ይመሰገናል፣ ተቀባይ ያመሰግናል፣ ነገሩ በዚህ ያበቃል። ከ800 ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር የሆነ አንድ ታሪክ ግን በዚህ አላበቃም።

በደቡብ እንግሊዝ ዊንቸስተር በምትባል ከተማ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1079 የተጀመረ ካቴድራል አለ። በዚህ ካቴድራል ውስጥ በ12ኛው መቶ ዓመት የተዘጋጀ፣ ዛሬም ለጎብኚ የሚታይ ግዙፍ የላቲን መጽሐፍ ቅዱስ ይገኛል። 468 ቅጠል አለው። ለብራናው የ250 ያህል ጥጃዎች ቆዳ እንዳስፈለገ ሊቃውንቱ ይገምታሉ። ጽሕፈቱን ከሞላ ጎደል ከዳር እስከ ዳር የጻፈው አንድ ሰው ነው። ሥዕሉን ግን ቢያንስ ስድስት ሠዓሊዎች ተፈራርቀውበታል። ሰማያዊው ቀለም ከአፍጋኒስታን ተራሮች ከሚወጣ ድንጋይ የተፈጨ ነው። ሥራው በዚያ ዘመን አልተፈጸመም። አንዳንዱ ሥዕል ንድፉ ብቻ ቀርቷል፤ አንዳንዱ ወርቁ ተለብጦለት ቀለሙን ሲጠብቅ እንዲሁ አለ።

ይህን ድካም ለመረዳት የእኛ አገር አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቁም ጸሐፊ ሲጽፍ ያየ ያውቀዋል። የፍየሉ ቆዳ ይነከራል፣ ይወጠራል፣ ጠጉሩና ስቡ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይበጠበጣል፤ ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት ይቀመጣል። ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል፤ ሲደነዝም እንደገና ይቀረጻል። ጸሐፊው ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ወራት ይቀመጣል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ዋጋ አለው ሲባል የቀለሙና የቆዳው ዋጋ ማለት አይደለም። በውስጡ የገባ የሰው ዕድሜ አለ። ገንዘብ ሲመለስ ይተካል፤ ዕድሜ ግን አይተካም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ ከሊቀ ጳጳሱ ከቶማስ ቤኬት መገደል በኋላ ለንስሐው ሲል ካቋቋማቸው ገዳማት አንዱ ዊትሃም ይባላል። የገዳሙ አበምኔት ደግሞ ሂዩ የሚባል፣ ከፈረንሳይ የመጣ መነኩሴ ነበር። አብሮት የኖረው መነኩሴ አዳም በጻፈው ገድሉ ላይ እንደሚተርከው፣ ሂዩ አንድ ቀን ገዳሙ መጻሕፍት እንደሚያስፈልጉት ለንጉሡ ይነግረዋል። ንጉሡ ለብራና መግዣ ብር ሰጠው። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስም እንደሌላቸው ሲሰማ «እሱን ለእኔ ተወው» አለ። ከዚያም የዊንቸስተር መነኮሳት በማዕድ ቤታቸው ሊያነቡት እጅግ ያማረ መጽሐፍ ቅዱስ እንዳዘጋጁ ወሬ ደረሰው። አለቃቸውን አስጠርቶ፣ ወሮታውን እንደሚከፍል ተስፋ ሰጥቶ፣ መጽሐፉን ወሰደ። ለዊትሃምም ሰጠ። የዊትሃም መነኮሳት እጅግ ተደሰቱ፤ ከየት እንደመጣ ግን አላወቁም።

ከጊዜ በኋላ አንድ የዊንቸስተር መነኩሴ ለጉብኝት ወደ ዊትሃም መጣ። ክስ ይዞ አልመጣም፤ በጨዋታ መካከል ነገሩን አነሣው። ሂዩ ደነገጠ። ወዲያውም መጽሐፉን ይዞ እንዲሄድ ለመነው። አሁን የደነገጠው እንግዳው ሆነ፤ የንጉሥ ስጦታ መመለሱ ቢሰማ የንጉሡ ቁጣ በማን ላይ ይወርዳል? ሂዩ ግን አልተበገረም። በምሥጢር ካልወሰዱት እሱ ራሱ በይፋ ለንጉሡ እንደሚመልሰው ቁርጡን ነገረው። መጽሐፉም በስውር ወደ ዊንቸስተር ካቴድራል ተመለሰ። መጽሐፉ ዛሬ ካቴድራሉ የሚያሳየው ራሱ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። የለም፣ እዚያው ዊንቸስተር የነበረና ዛሬ በኦክስፎርድ የሚገኝ ሌላ መጽሐፍ ቅዱስ ነው የሚሉም አሉ። ለያዝነው ጥያቄ ልዩነት አያመጣም።

እስቲ በሂዩ ቦታ ሆነን ምክንያት እንደርድር። አንደኛ፣ መጽሐፉ አልተሰረቀም፤ ንጉሡ ጠይቆ አለቃው «እሺ» ብሎ ነው የሰጠው። ሁለተኛ፣ ሂዩ አላወቀም፤ ያላወቀ አይበደልም። ሦስተኛ፣ የእግዚአብሔር ቃል በዊንቸስተር ተነበበ በዊትሃም ያው የእግዚአብሔር ቃል ነው። ሦስቱም ምክንያቶች ዛሬም በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን የምንሰማቸው ናቸውና አንድ በአንድ ብንመረምራቸው አይከፋም።

«እሺ» ብለው ሰጥተዋል የሚለው የመጀመሪያው ነው። እምቢ ማለት በማይቻልበት ቦታ የተባለ እሺ ግን እሺ አይደለም። የዊንቸስተሩ አለቃ በንጉሡ ፊት ቆሞ ምን ሊል ኖሯል? የእኛ ሰው «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ያለው ይህን ነገር ቀምሶት ነው። ሂዩ ይህ ገብቶታል። አንድ ሰው ለንስሐው የሚሰጠው የራሱን መሆን አለበት፤ የሌላውን ላብ እየሰጡ ኃጢአትን ማስተሠረይ በበደል ላይ በደል መደረብ ነው።

አለማወቅን በተመለከተ፣ እስኪያውቁ ድረስ በእርግጥ ያድናል። ካወቁ በኋላ ግን ያለችው እያንዳንዷ ቀን የፈቃድ ቀን ናት። ከዚህ የከፋም አለ። ላለማወቅ መጠንቀቅ ነው። «አልጠየቅሁም» የሚለው ቃል ንጽሕናን የሚመሰክርበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚመሰክረው ብልጠትን ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉም የረቀቀው ነው፤ ሃይማኖተኛውን ሰው የሚያታልለው ይህ ነውና። ነገሩ ቅዱስ ስለሆነ መንገዱም እንደተቀደሰ እንቆጥራለን። ሂዩ ግን ያስተዋለው መጽሐፉ ራሱ እንዲህ ያለውን ነገር እንደሚከለክል ነው። «አትስረቅ» የሚለው ትእዛዝ የሰፈረበትን መጽሐፍ ያለ አግባብ ይዞ ማንበብ ምን ዓይነት ንባብ ነው? እያንዳንዱ ገጽ አንባቢውን ይከስሰዋል።

የዊንቸስተርን ታሪክ ያነበበ ኢትዮጵያዊ መቅደላን ሳያስታውስ አያልፍም። አጼ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ያወረደው ሀብት በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ እንደሄደ ተጽፏል። በደላንታ ሜዳ ጨረታ ቆመ። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ለብሪታንያ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬም ለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። አጼ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1872 በጻፉት ደብዳቤ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ሙዚየሙ ሁለት ቅጂ ስለነበረው አንዱን መለሰ። የሂዩና የሙዚየሙ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ሂዩ አንድ ብቻ ነበረው፤ እሱኑ መለሰ። የሚጠይቀውም ሰው አልነበረም።

ፍርዱን በእንግሊዞች ላይ ብቻ ጥለን ብንነሣ ግን ሚዛናችን ይዘምማል። የመቅደላ መድኃኔ ዓለም መጻሕፍት አብዛኞቹ አጼ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያስመጧቸው ነበሩ። የጎንደር ካህናት በወደዱ ነው የሰጡት የሚል የለም። የእኛው ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ ያደረገውን አድርገዋል፤ የአንዱን ደብር ገፍፈው ሌላውን ደብር አልብሰዋል። ከዚያ ወዲህም በየገጠሩ ዕቃ ቤት እየጎደሉ ከተማ የሚሸጡትን መጻሕፍት ያወጣቸው የውጭ ጦር አይደለም። ቁልፉን የያዘ የእኛው ሰው ነው።

«እኛ ጋ ይሻላቸዋል፤ እናንተ ዘንድ እሳትና ምስጥ ይበላቸዋል» የሚል ክርክርም አለ። ባዶ ክርክር አይደለም፤ ስንት መጽሐፍ በሻማ ሰም፣ በዝናብና በጦርነት እንደጠፋ እናውቃለን። ሆኖም ጥሩ ጠባቂነት ባለቤትነትን አይሰጥም። የጎረቤትን ልጅ በሚገባ ያሳደገ ሰው ምስጋና ይገባዋል እንጂ ልጁ የእሱ አይሆንም።

ሌላ መንገድ እንዳለም የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በአሜሪካ ሚኔሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል በተባለ ስፍራ የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም አለ። የዚያ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ጋር በመተባበር የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም አነሣ። 9 ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ፎቶግራፉ ሄደ፤ መጻሕፍቱ በየደብራቸው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ስብስብ ዝርዝር መዘጋጀት ነበር። ይኸው ገዳም እ.ኤ.አ. በ1998 ሌላ ሥራ ጀመረ። ዶናልድ ጃክሰን ለተባለ ብሪታንያዊ ጸሐፊ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በጥጃ ብራና ላይ፣ በላባ ብርዕ፣ በወርቅ እያስጌጠ እንዲጽፍ አዘዘው። ከረዳቶቹ ጋር በ2011 ፈጸመው፤ ሰባት ጥራዝ፣ 160 ሥዕል። ከዚህ መጽሐፍ በትልቁ ከታተሙት 299 ቅጂዎች አንዳንዶቹ በየካቴድራሉና በየዩኒቨርሲቲው በስጦታ ገብተዋል። ዋናው ግን እዚያው ላሠራው ገዳም ቀርቷል። ሥርዓቱ ቀላል ነው። ቅጂው ይዙር፤ ዋናው ከቤቱ አይውጣ። እንዲህ ያለውን ስጦታ የሚቀበል ካቴድራል በዕለቱ እንግዶቹን ሲጋብዝ ቀና ብሎ ነው።

እስካሁን በነገሥታትና በሙዚየሞች ላይ ፈረድሁ። አሁን ወደ ቤቴ ልግባ።

በሠርጌ ሰሞን አንድ ወዳጄ በእጅ የተጻፈ አነስተኛ የብራና ዳዊት ከነማኅደሩ ሰጠኝ። ለቱሪስት ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ገዝቶት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ከመደርደሪያ እያወረድሁ አሳይቻለሁ፤ ሰው ሲያደንቅ ደስ ብሎኛል። አንድ ቀን የመጨረሻውን ቅጠል በደንብ አየሁት። «ዝንቱ መጽሐፍ ዘ…» ይልና ቀጥሎ ያለው ተፍቋል። በምላጭ ነው፤ ብራናው እስኪሳሳ ድረስ። የደብሩ ስም ነበር ማለት ነው። ፋቂው የቸኮለ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለውን አልነካውም። ከሥሩ ያለው ደግሞ መጽሐፉን የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዘው ግዝት ነው።

የተፋቀ ቀለም በልዩ ብርሃን ሲታይ አንዳንድ ጊዜ እንደሚነበብ ካወቅሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች እንዳሉም አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን አልወሰድሁትም። ሥራ በዝቶብኝ ነው እል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ስሙ ከተነበበ ዳዊቱ የእኔ አይሆንም። ስሙ እስካልተነበበ ድረስ «ባለቤቱን አላውቅም» ማለት እችላለሁ። ሂዩ ሳያውቅ ተቀበለ፤ ባወቀ ጊዜ መለሰ። እኔ ግን እንዳላውቅ ስጠነቀቅ ሦስት ዓመት አለፈ። ከላይ «ላለማወቅ መጠንቀቅ» ያልሁትን የጻፍሁት ከሌላ ሰው ተምሬ አይደለም።

ወዳጄ ይቀየመኝ ይሆናል፤ ስጦታ መመለስ በእኛ ባህል ነውር ነው። ግን ዳዊቱ የእሱም አልነበረም፤ የሱቁም አልነበረም። የሆነ ቦታ፣ አንድ የገጠር ደብር ውስጥ፣ በዚህ መጽሐፍ ፊደል የቆጠረ ሽማግሌ ዛሬም በሕይወት ሊኖር ይችላል።

በዚህ ወር መጽሐፉን ለሚያነቡልኝ ሰዎች ልወስደው ወስኛለሁ። ውሳኔዬን እዚህ ማስፈሬ ለመመስገን አይደለም፤ ገና ምንም አላደረግሁምና። እንዳልመለስበት አንባቢ ምስክር ይሁንብኝ ብዬ ነው።