የመስታወት ሕንፃና የጎረቤት ድርሻ
ኦሪት ዘፍጥረት አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያለማትም ሊጠብቃትም እንደሆነ ይነግረናል። ማልማቱን ወደድን፤ መጠበቁን ግን ለገበሬና ለደን ጠባቂ ተውነው። ከተማም አደራ ናት። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ የተመቸ ነው፤ ሆኖም ወደ ምዕራብ የዞረ፣ የማይከፈት መስታወት የለበሰ ሕንፃ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱን አምቆ ማቀዝቀዣ ያስነሳል። ከፒያሳ የቀሩት አሮጌ ቤቶች በወፍራም ግድግዳቸውና በበረንዳቸው ይህን ሙቀት ያለ ኤሌክትሪክ ይወጡታል።

«መብራታችን ከውኃ ነው፤ ጭስ የለውም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሚሊዮኖች ዛሬም በጨለማ ስለሚያመሹ በከንቱ የሚባክነው ኃይል የባልንጀራ ድርሻ ነው። ወጪም ሰበብ አይሆንም፤ የሚከፈት መስኮትና የፀሐይ መከለያ ብዙ አይጠይቁም። ጉዳዩ የፍትሕ ነውና ሕንፃ የምታሠሩ ሁሉ፣ ፕላኑን ከማጽደቃችሁ በፊት ስለ ምዕራቡ ግድግዳ አጥብቃችሁ ጠይቁ።