ከተራራ የወረዱት ድቦች

እንስሳት በተረት ውስጥ የሰውን ጠባይ ተላብሰው ሲናገሩ የሚመከረው ሕፃን ብቻ አይደለም። ጣሊያናዊው ደራሲ ዲኖ ቡዛቲ እ.ኤ.አ. በ1945 ያሳተመው፣ ሥዕሎቹንም በገዛ እጁ የሠራለት «የድቦች ዝነኛ የሲሲሊ ወረራ» የተሰኘው የልጆች መጽሐፍ ለዚህ ጥሩ አስረጅ ነው። «ወረራ» የሚለውን ቃል ኢትዮጵያዊ አንባቢ በዋዛ አያልፈውም፤ ይልቁንም ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1939፣ አዲስ አበባ በፋሺስት ጦር እጅ ሳለች፣ የ«ኮሪዬሬ ዴላ ሴራ» ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ በከተማይቱ የተቀመጠ ሰው መሆኑ ሲታወስ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከበደል ነው። የድቦቹን ንጉሥ የሌዮንዚዮን ልጅ ቶኒዮን አዳኞች ነጥቀው ወስደውታል። ብርዱና ረሃቡ ሲጸናባቸው ድቦቹ ከተራራ ወደ ሰው አገር ይወርዳሉ፤ ጨካኙን መስፍን ድል ነሥተው፣ ልጁንም አግኝተው ዐሥራ ሦስት ዓመት ይገዛሉ። በነዚህ ዓመታት ግን በሰው ልብስ ያጌጣሉ፤ መጠጥና ቁማር ይለምዳሉ። በመጨረሻም ንጉሡ የሚወድቀው በባዕድ እጅ ሳይሆን በገዛ ባለሟሉ በሳልኒትሮ ጥይት ነው።

እንግዲህ ድቦቹን ያጠፋቸው ምንድን ነው? «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር» የሚለው ተረት ይጠቀስ፣ የሰው ክፉ ጠባይ ተጋባባቸው ይባል ይሆናል። ይህ መልስ ግን ጥፋተኛውን በቀላሉ ነጻ ያወጣል። ለተነጠቀ ልጅና ለተራበ ሆድ መውረድ ተገቢ ነበር፤ ልጁ ከተገኘ፣ ሆድም ከጠገበ በኋላ በሌላው ዙፋን መሰንበት ግን በዚያው ምክንያት ሊጸድቅ አይችልም። ጨቋኝን ማውረድም በወንበሩ ለመቀመጥ ውክልና አይሆንም። ፋሺስቶች እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያን ሲወሩ የዐድዋን ቂምና የመሬት ጥበትን ሰበብ አድርገው ነበር። የእነርሱ ሰበብ ሐሰት፣ የድቦቹ ምክንያት እውነት ነው፤ ሆኖም እውነተኛ ምክንያትም ቢሆን የጊዜ ወሰን አለው። ተበዳይነት የካሣን እንጂ የግዛትን መብት አይወልድም። በደሉ በተካሰበት ቀን ያልተመለሰ ተበዳይ ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሱ የሚጠየቅ ገዢ ነው። ድቦቹ ያን ቀን ሳያስተውሉት አለፉት።

ሌዮንዚዮ ሊሞት ሲል ሕዝቡ ወደ ተራራው እንዲመለስ ያዛል፤ ድቦቹም ሀብቱን ሁሉ ትተው ይሄዳሉ። ሕፃን አንባቢ ለንጉሡ ሞት ያዝናል። አዋቂውን ይበልጥ ሊያሳዝነው የሚገባ ግን ትእዛዙ ዐሥራ ሦስት ዓመት መዘግየቱ ነው።