ውሃ ያጠበቀው እጀታ

 

ሰሞኑን ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ልጅ የጫማውን ክር እያሰረና እየፈታ ቆየ። ሰው ሲያልቅ ጠብቆ ነው የመጣው። ጓደኛው ለሁለት ሳምንት ስልክ አውሶት ነበር። ወደቀበትና ስክሪኑ ተሰነጠቀ። ጓደኛው ሳያይ ወስዶ አስቀየረው፤ ኦርጅናሉ ስለተወደደበት ርካሹን አስገጠመ። መለሰለት። ጓደኛው ምንም ሳያውቅ "ጀዛከላህ ኸይር፣ እንዴት በንጽህና ይዘኸዋል" ብሎ አመሰገነው።

"ኡስታዝ" አለኝ፣ "የሰበርኩትን ተክቻለሁ። ታዲያ ለምን ይከብደኛል?"

ወዲያው አልመለስኩለትም። ከሃያ ዓመት በፊት ላንቴ ውስጥ ያበላሸሁት መጥረቢያ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ላንቴን ለማታውቁ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ ከአባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ያለ የሙዝና የማንጎ አገር ነው። ሙቀቱ የቆላ ነው። ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በአረፋ ዋዜማ እናቴ ለማገዶ የሚሆን ግንድ እንድፈልጥ አዘዘችኝ። የእኛ መጥረቢያ ደንዝዞ ስለነበር ከጎረቤት ተዋስኩ። ጎረቤታችን ክርስቲያን ናቸው፤ ጋሼ እያልኩ ነው ያደግኩት። መጥረቢያቸው ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚመኘው ነበር። "ማገዶ ፈልጥበትና መልስ የኔ ልጅ" ብለው ሰጡኝ።

ማገዶውን ፈለጥኩ። እዚያ ላይ ብበቃኝ ጥሩ ነበር። ከጓሮ አንድ የማንጎ ጉቶ ነበረ፣ አባቴ እንዲነሣ ይፈልግ ነበር። ብረቱን ከሥሩ ሸጉጬ እጀታውን እንደ መፈንቀያ ተጠቅሜ ስጫነው ቀጭ አለ። ሁለት ቦታ።

ደነገጥኩ። ከአጥሩ አንድ ቀጥ ያለ እርጥብ እንጨት ቆርጬ፣ ልጬ፣ በጠርሙስ ስባሪ ፍቄ እጀታ አደረግሁት። ብረቱ ውስጥ ገባ፤ ግን ይወዛወዛል። ያኔ አንድ የማውቃት ዘዴ ነበረችኝ። ከነብረቱ በርሜል ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ጠዋት ሳወጣው እንጨቱ አብጦ፣ ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ይዞት አገኘሁ። ወሰድኩላቸው። ጋሼ እጀታውን በእጃቸው ዳበሱት። "አሮጌውን በአዲስ ተካህልኝ? ተባረክ!" አሉኝ። እኔም ምርቃቱን ተቀብዬ ወደ ዒዴ ሮጥኩ።

እስኪ ነገሩን ከእንጨቱ እንጀምር። በውሃ የተነከረ እንጨት ያብጣል፤ ብረቱ ግን አይሰፋም። ስለዚህ እንጨቱ በገዛ እብጠቱ ብረቱ ላይ ተጭኖ ውስጡ ይደቅቃል። ሲደርቅ ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ይቀጥናል። ለአንድ ቀን ጠበቀ የተባለው እጀታ ከዚያ በኋላ ከቀድሞው የባሰ ይላላል ማለት ነው። በላንቴ ፀሐይ ሦስት ቀን አይፈጅም።

አልፈጀም። ጋሼ እየፈለጡ ሳለ ብረቱ ወልቆ ተስፈንጥሮ፣ በረንዳ ላይ ጎመን ይቀነጥሱ ከነበሩት ከባለቤታቸው አንድ ክንድ ርቆ ግድግዳው ላይ ተተከለ። አልሐምዱሊላህ፣ ማንንም አልነካም። ጩኸቱን ሰምቼ ሮጬ ስደርስ ግን ያላሰብኩትን አየሁ። ጋሼ ልጃቸውን፣ የኳስ ጓደኛዬን፣ ጆሮውን ይዘው "ፀሐይ ላይ ጥለኸው ነው! ስንት ጊዜ ተነግሮሃል!" ይሉታል። እሱም "አልጣልኩም" ይላል። የሚያምነው የለም፤ ከዚያ በፊት ጥሎ ያውቃላ።

እኔ አጥሩ ጥግ ቆሜ ዝም አልኩ።

ኋላ ዩኒቨርሲቲ ስገባ አንድ የሎጂክ መምህራችን የቆየ እንቆቅልሽ አነሡልን። ፕሉታርክ የጻፈው ነው። አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ የበሰበሰውን ጣውላ እየቀየሩ ሲያቆዩት፣ ፈላስፎች "ያው መርከብ ነው ወይስ ሌላ?" ብለው ተከራከሩ። በመጥረቢያም ይጠየቃል፤ እጀታው ሦስቴ፣ ብረቱ ሁለቴ ተቀይሮ የአያቴ መጥረቢያ ልለው እችላለሁ? ክፍሉ በሳቅና በክርክር ተሞላ። እኔ አልሳቅኩም። የእኔ መጥረቢያ ያው ይሁን ሌላ፣ የሚያሳስበኝ ጋሼ በእጃቸው የያዙት ምን መሆኑን አለማወቃቸው ነበር።

የፊቅህ ዑለማዎች በተዋሱት ዕቃ ላይ ይህንኑ ከባለቤቱ በኩል ነው የሚያዩት። ዓሪያ ይሉታል። በሻፊዒያ መዝሀብ የተዋሰ ሰው ዕቃው ቢበላሽበት ጥፋት ባይኖርበትም ይተካል፤ ነፃ የሚሆነው በተፈቀደለት አጠቃቀም ላለቀው ነው። በሐነፊያ መዝሀብ ደግሞ ዓሪያ አማና ነው፤ ካላጠፋ ወይም ከተፈቀደለት ካላለፈ አይጠየቅም። እኔ ለማገዶ ወስጄ ጉቶ ፈነቀልኩበት። በሁለቱም መዝሀብ መውጫ የለኝም።

ግን የመተካቱ ነገር ብቻ አይደለም። የሑነይንን ዘመቻ አስታውሱ፣ ስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሰፍዋን ኢብኑ ኡመያ ጥሩሮች ተዋሱ። ሰፍዋን ያን ጊዜ ገና አልሰለመም ነበር፤ በጉልበት ልትወስዱብኝ ነው ወይ ብሎም ጠይቋል። በዋስትና የተወሰደ መሆኑ ተነገረው። ከዘመቻው በኋላ የተወሰኑት ጠፉ። በዘገባው እንደምናገኘው፣ መጥፋቱን ለሰፍዋን የነገሩት ራሳቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው፤ እንተካልህ ወይ ብለውም ጠየቁት። እሱ ቆጥሮ እስኪደርስበት አልጠበቁም። ሰፍዋን ክፍያውን አልፈለገም፤ ያን ቀን በልቡ ያልነበረ ነገር ዛሬ አለና።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። አበዳሪው ሙስሊም አይደለም፣ ተበዳሪው አሸናፊ ጦር መሪ ነው። ዝም ቢሉት ማን ይጠይቃቸው ነበር?

ሌላም አለ፤ ከእኔ በርሜል ጋር በጣም የሚመሳሰልብኝ። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሰደዱ፤ ጣታቸው እርጥበት አገኘ። ሻጩን ጠየቁት። ዝናብ መትቶት ነው አለ። እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ከዚያም ስለ አታላይ ያንን ከባድ ቃል ተናገሩ። ልብ በሉ፣ በዝናቡ ማንም አልከሰሰውም። ዝናብ የአላህ ነው፣ እህል ይመታል። ስልክም ከእጅ ይወድቃል። የተወቀሰው ደረቁን ከላይ፣ እርጥቡን ከታች ባደረገው እጁ ነው።

የእኔም እጀታ ከላይ በጠርሙስ ተፍቆ ያበራ ነበር። ውስጡ እርጥብ ነው።

አሁን ከእናንተ መካከል አንዱ "ኡስታዝ፣ ወንጀልን መሸፈን አልታዘዝንም ወይ?" እንደሚለኝ አውቃለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለራሴም የሰጠሁት ምክንያት እሱ ነበር። ሲትር ትልቅ ነገር ነው። በአንተና በአላህ መካከል ያለውን አላህ ከሸፈነልህ አደባባይ አታውጣው። በሰው ሐቅም ቢሆን ዑለማዎች ሰፊ ናቸው። ገንዘብ የወሰደ ሰው ስሙን ሳይገልጥ በሌላ ሰው እጅ ቢመልስ ሐቁ ደርሷል የሚሉ አሉ። ያማኸውን ሰው በተመለከተ ደግሞ መንገር ቁስል የሚጨምር ከሆነ፣ አትንገረው፣ ዱዓ አድርግለት፣ ባማኸው ቦታ መልካሙን አንሣለት ያሉ አሉ፤ ኢብኑል ቀይም ከነሱ አንዱ ናቸው። ይቅርታውን ከራሱ ጠይቅ የሚሉም አሉ።

እጀታው ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። የመለስከው ገንዘብ ሰውዬው እጅ ላይ አይሰበርም። ጋሼ ነገ ያንን መጥረቢያ ከራሳቸው በላይ ያነሡታል። ያልነገርኳቸው ነገር ያለፈ ወንጀሌ ቢሆን ኖሮ በሸፈንኩት፤ ያልነገርኳቸው ገና የሚመጣባቸውን ነው።

የስልኩንም ነገር በዚሁ እዩት። ያ ጓደኛ ከስድስት ወር በኋላ ስልኩን ሊሸጥ ይችላል። ገዢው "ስክሪኑ ተቀይሯል?" ይለዋል። እሱ በቅን ልቡ "ወላሂ አልተቀየረም" ይላል። አያችሁ? በንጹሕ ሰው አፍ የአንተ ዝምታ ይምላል። የማታውቀው ገዢ ደግሞ ይታለላል። የጋሼ ልጅ ጆሮ በእኔ እጀታ እንደተቆነጠጠው ማለት ነው።

በጋሞ አባቶች ዘንድ ጎሜ የሚሉት ነገር አለ። በመስከረም 2011 በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ፊት እርጥብ ሳር ይዘው የተንበረከኩት አባቶች ያደጉበት ነው። የተደበቀ ጥፋት በሽማግሌ ፊት እስኪነገር ድረስ ችግሩ በአጥፊው ብቻ አይቆምም፣ ለቤተሰብና ለመንደር ይተርፋል ይላሉ። እኛ በሽታንና ድርቅን በዚያ መንገድ አናብራራም፤ ቀደር የአላህ ነው። ሆኖም የተደበቀ ነገር ምንም ባላጠፋ ሰው ላይ እንደሚወድቅ በዓይኔ አይቻለሁና ይህን አነጋገራቸውን ለመናቅ አልደፍርም።

አንድ ዘገባ ልጨምርና ወደ ላንቴ እመለሳለሁ። አቡ ዳውድና ኢብኑ ማጀህ ከአነስ (ረ.ዐ) ያወሩት ነው። በሰነዱ ውስጥ ማንነቱ በደንብ ያልታወቀ ዘጋቢ ስላለ ደካማ ያሉት አሉ፤ ቲርሚዚ አጭሩን ሐሰን ብለውታል። አንድ ከአንሷር የሆነ ሰው ሊለምን መጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤቱ ያለውን ምንጣፍና መጠጫ ዕቃ አስመጥተው በሁለት ዲርሀም ሸጡለት። በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው የመጥረቢያ ብረት እንዲገዛ አዘዙት። ብረቱን ሲያመጣ እንጨቱን በገዛ እጃቸው ገጠሙለት፤ እንጨት ቆርጦ እንዲሸጥና አሥራ አምስት ቀን እንዳያዩትም ነገሩት። አሥር ዲርሀም ይዞ ተመለሰ። ይህን ታሪክ ስለ ልመና ብዙ ጊዜ ሰምታችሁታል። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚይዘኝ እጀታው ነው። ሰውዬው እንጨት ሊቆርጥ የሚሄድ ነው፤ እጀታ መግጠም አያቅተውም ነበር። አነስ ግን "በእጃቸው" የሚለውን ሳይተው ነገረን። አንድ ድሃ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ነፍሱን የሚያምነው በዚያ መጋጠሚያ ላይ ነው።

ለስልኩ ልጅ ያልኩት እንግዲህ ይህን ነው፦ "ሂድና ንገረው። የዋጋውን ልዩነት ይዘህ ሂድ። ይቅር ካለህ ይቅር ብሎሃል፤ ክፈለኝ ካለህም ሐቁ ነው።" ፊቱ ጠቆረ። እንደማይቀለው አውቃለሁ። እኔ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል።

በዘጠነኛው ቀን የሄድኩት በዒልም ወይም በተቅዋ እንዳይመስላችሁ። ጓደኛዬ ከቤት እንዳይወጣ ተከልክሎ ኳስ የሚጠብቅልን በረኛ አጥተን ነው። ጋሼ ከማሳ ሲመለሱ በር ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጉቶውን፣ አጥሩን፣ በርሜሉን። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ለእኔ አንድ ቃል ሳይሉ ልጃቸውን ጠሩ። እፊቴ "አንተ አልነበርክም" አሉት። ይህንን ብቻ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ና" አሉኝ። ከማድ ቤታቸው ጣሪያ ሥር ጭስ የጠገበ፣ ከጨንቻ ደጋ የወረደ ደረቅ የወይራ እንጨት አወረዱ። ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ስጠርብ ዋልኩ። እሳቸው ተቀምጠው "እንጨቱ ወዴት እንደሚሄድ እየው፣ አትቃወመው" ይሉኛል። ብረቱ ሲገባ እኔ በመዶሻ ብረቱን ልመታ ተነሣሁ፤ ከለከሉኝ። መጥረቢያውን ብረቱን ወደ ታች አንጠልጥለው ያዙና ከላይ የእጀታውን ጫፍ በፍልጥ መቱት። ብረቱ የሚወድቅ መስሎኝ እግሬን ሰበሰብኩ። እሱ ግን በእያንዳንዱ ምት ወደ ላይ፣ ወደ እጁ ይወጣል። ብረቱ በክብደቱ ባለበት ሲቀር እንጨቱ ነው ወደ ውስጥ የሚሰምጠው። በመጨረሻ አናቱ ላይ ሰንጥቀው ደረቅ ሽብልቅ ቀረቀሩበት።

"በል" አሉ ጋሼ፣ "መጀመሪያ አንተ ፍለጥበት፤ እኛ እናያለን።" ቤተሰቡን ሁሉ ከበረንዳው አስነሡ። ባለቤታቸው ጎመናቸውን ይዘው እስከ አጥሩ ድረስ ሸሹ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር ያነሣሁት።

ያ በረኛችን ዛሬ ላንቴ ላይ ሙዝ ነጋዴ ነው፤ በአይሱዙ እየጫነ ወደ አዲስ አበባ ይልካል። ለዒድ ስሄድ ባገኘኝ ቁጥር ጆሮውን በእጁ ይሸፍንና "ኡስታዝ፣ መጥረቢያ ላውስህ?" ይለኛል።