ብር ቆጠራና መቁጠሪያ

ተመስጦ፣ ማለትም ሐሳብ በአንድ ነገር ተይዞ ልብ በደስታ የሚሞላበት ሁኔታ፣ ከሰው ለራቀ ብቻ የተሰጠ ነው ይባላል። እኔ እጠራጠራለሁ። ጥርጣሬዬንም የምፈትንበት ከሰባተኛ የተሻለ ሰፈር አይታየኝም፤ ወያላ በሚጣራበት፣ ተሸካሚ «ዞር በል!» እያለ በሚጋፋበት የመርካቶ ጥግ የማይሆን ነገር ለአብዛኞቻችን አይሆንም፤ ዋልድባ ገዳም የሚገባው ጥቂት ነውና።

ትውፊቱን ብጠይቅ ከፊሉ ይደግፈኛል። ቅዱስ ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ሳለ፣ ዜማው እስኪያልቅ ሁለቱም እንዳላወቁ ይተረካል። ይህ የሆነው በዋሻ አይደለም፤ በሰው መካከል፣ ያሬድ ሥራው ላይ ሳለ ነው። ነገር ግን ይኸው ትውፊት ቀጥሎ ይሞግተኛል፤ ያሬድ ንጉሡን አስፈቅዶ ወደ ስሜን ተራሮች ሄደ። ተመስጦ እዚያው በሰው መካከል የሚገኝ ከሆነ ምን አስኬደው? ከዚህ የምረዳው ወደ ተመስጦ መድረስና በተመስጦ መሰንበት የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ለመሰንበት ስሜን ሳይሻል አይቀርም። እኔ የምጠይቀው ስለ መድረስ ነው።

ስለ መድረስ አካልም የሚመሰክረው አለ። ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ ቤርናርዲና ባልደረቦቹ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 23 ጤነኛ ሰዎች የካቶሊክን የመቁጠሪያ ጸሎት ወይም የቲቤትን ማንትራ ሲደጋግሙ፣ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ዝቅ ብሏል፤ የልብ ምታቸውም ከደም ግፊታቸው ጋር ይበልጥ ተናቧል። ጥናቱ የእኛን 41 እግዚኦታም ሆነ ከሶላት በኋላ 33 ጊዜ የሚባለውን ተስቢህ አልነካም፤ ሆኖም በዝግታና በልክ እስከተደገሙ ድረስ ተመሳሳይ ውጤት ብጠብቅ ድፍረት አይመስለኝም። ለዚህ ደግሞ ገበያው እስኪዘጋ አይጠበቅም፦ ዙህርና አስር በአንዋር መስጊድ የሚሰገዱት መርካቶ በደራበት ሰዓት ነው፤ ራጉኤልን ለመሳለምም ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ አይሄድም።

አሁን ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል። ነጋዴም ብር ሲቆጥር ይመሰጣል፤ ሰላም ቢሉት አይሰማም፣ ጣቱም መቁጠሪያ ከሚያንቀሳቅሰው ጣት አይለይም። ተመስጦ ማለት ሐሳብን መሰብሰብ ብቻ ከሆነ፣ ብር ቆጠራም ሊቆጠርልን ነው! ልዩነቱን ፈልጌ ያገኘሁት መጨረሻው ላይ ነው። ከብሩ አንድ መቶ ቢጎድል ደስታው እዚያው ይበናል፤ ቢሞላም ሐሳቡ ወዲያው ወደ ዕዳና ወደ ነገ ዕቃ ይሮጣል። 41ኛው ላይ የደረሰ ግን አላተረፈም፤ ቁጥር ቢስትም አልከሰረም። ስለዚህ ተመስጦ የሚሻው ጸጥታን ሳይሆን ትርፍና ኪሳራ የማይገባበትን ሥራ ነው እላለሁ። በዚህ መለኪያ፣ ምናለሽ ተራ ብረት የሚቀጠቅጠውም ዋጋውን በረሳባት ቅጽበት ሊደርስ ይችላል።

«ለራበው ተሸካሚ ይህን መንገር ማላገጥ ነው» የሚለኝ ካለ፣ አልከራከረውም፤ ተመስጦ የቀን ሒሳቡን አይተካለትም፣ ተካ የሚለውም አሠሪው ብቻ ነው። እኔን የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው። «ገበያዬን አቅናልኝ» እያለ መቁጠሪያውን የሚገፋው ሰው ትርፍ እየጠበቀ ነው። መለኪያዬን ካልጣልሁ በቀር እሱን ከብር ቆጣሪው ጋር ላስቀምጠው ነው፤ ከተመሰጡት መካከል ልቆጥረው የምችለው ጥያቄውን በመካከል ከረሳው ብቻ ነው።